የመስታወት ብር ዳኞች

አንድ ብር ስንት ብር ያወጣል? ጥያቄው የቀልድ ይመስላል፤ ግን አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት፣ በአንድ መምቻ ቤት፣ ከአንድ ዓይነት ብር የተሠሩ ሁለት አሮጌ የብር ዶላሮች ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንደኛው የአንድ ራት ግብዣ፣ ሌላኛው የአንድ መኪና ዋጋ ሊያወጣ ይችላል። ክብደታቸው እኩል ነው። ሁለቱም ከተመቱ ጀምሮ ገበያ ወጥተው አያውቁም። ልዩነታቸው ፊታቸው ላይ ነው፤ አንደኛው እንደማንኛውም አዲስ ሳንቲም ያበራል፤ ሌላኛው ግን እንደ መስታወት የተመልካቹን መልክ መልሶ ያሳያል።

ለመሆኑ ይህን ልዩነት አይቶ «ይህ መስታወት ነው፣ ያኛው አይደለም» ብሎ የሚፈርደው ማነው? ፍርዱንስ የምናምነው በምን ምክንያት ነው? እኔን ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ ሳንቲም የመሰብሰብ ፍቅር ሳይሆን ይኸው የዳኝነት ነገር ነው። እኛም ብርን በዓይናችንና በጣታችን መርምረን የምንቀበል ሕዝብ ነበርንና የሁለቱን አገሮች ዳኝነት ማነጻጸር የሚጠቅም መሰለኝ። እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማንም ያልፈለገው ብር

ነገሩ የሚጀምረው ከፖለቲካ ነው። በ1859 ኔቫዳ ውስጥ ኮምስቶክ የተባለው ታላቅ የብር ማዕድን መገኘቱ ታወቀ። ከዚያና ከሌሎች ማዕድኖች የወጣው ብር ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ዋጋው ወረደ። በአንጻሩ የአሜሪካ መንግሥት በ1873 ባወጣው ሕግ የተለመደውን የብር ዶላር መምታት አቁሞ ነበር። የማዕድን ባለቤቶች ብራቸውን የሚገዛቸው አጡ፤ ዕዳ የከበዳቸው ገበሬዎች ደግሞ ገንዘብ ቢበዛ ዕዳችን ይቀልልናል ብለው ከእነርሱ ጋር ቆሙ። ፕሬዚዳንት ሄይስ ቢቃወምም ምክር ቤቱ ተቃውሞውን ሽሮ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1878 ብላንድ-አሊሰን የሚባለውን ሕግ አጸደቀ። መንግሥት በየወሩ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ብር እየገዛ ዶላር እንዲመታ ተገደደ።

ቅርጹን የሠራው ጆርጅ ሞርጋን የተባለ እንግሊዝ አገር የተወለደ ቀራጭ ነበር። በፊት ገጹ ላይ ላለችው የነጻነት ምስል አና ዊሊያምስ የምትባል የፊላደልፊያ መምህርት ተቀመጠችለት። በጀርባው ንስር አለ። ሳንቲሙ 26.73 ግራም ይመዝናል፤ ከመቶው 90 እጁ ብር ነው። በሠሪው ስም «ሞርጋን ዶላር» እየተባለ ከ1878 እስከ 1904፣ ከዚያም በ1921 ከ650 ሚሊዮን በላይ ተመታ።

ሕዝቡ ግን አልወደደውም። ኪስ ይቀድዳል፣ ይከብዳል። ከምዕራቡ ክፍል በቀር ብዙው ሰው ወረቀቱን መረጠ። ስለዚህ ከመምቻ ቤት የወጣው ዶላር አንድ ሺህ አንድ ሺህ እየተቆጠረ፣ በሸራ ከረጢት እየታሰረ ከግምጃ ቤት ወደ ግምጃ ቤት ይጋዝ ጀመር። በ1918 በወጣው የፒትማን ሕግ መሠረት ከ270 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ቀለጠ። አብዛኛው ብር የተሸጠው ለእንግሊዝ መንግሥት ሲሆን ያስፈለገውም በሕንድ ለገጠመው የብር እጥረት ነበር። የተረፈው በጨለማ ተኛ።

የተኛው ብር የነቃው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። በ1903 ኒው ኦርሊንስ የተመታው ሞርጋን ዶላር እስከዚያ ድረስ ከብርቅዬዎቹ አንዱ ነበርና የሰብሳቢዎች የዋጋ መጽሐፍ 1,500 ዶላር ገምቶለት ነበር። በ1962 መጨረሻ ግምጃ ቤቱ ከፊላደልፊያ አሮጌ ከረጢቶች ሲያወጣ ያ ብርቅዬ ሳንቲም በሺህ በሺህ ሆኖ ብቅ አለና ዋጋው ተንኮታኮተ። ከዚያ በኋላ አገሬው ሁሉ የአንድ ዶላር የብር ሰርቲፊኬቱን ይዞ በግምጃ ቤቱ ደጅ ተሰለፈ፤ ወረቀቱን ሰጥቶ ብሩን ተቀበለ። በማርች 1964 መስኮቱ ተዘጋ። ውስጥ ሲቆጠር ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ዶላር ቀርቷል፤ አብዛኛው ኔቫዳ ውስጥ ካርሰን ሲቲ በተባለችው ትንሽ ከተማ የተመታ ነው። መንግሥት ይህን ከ1972 እስከ 1980 ድረስ በፖስታ ለሕዝብ ሸጠው። በ1976 ደግሞ ላቪር ሬድፊልድ የተባለ የሬኖ ከተማ ሀብታም ሲሞት የተወው ከ400,000 በላይ የብር ዶላር በጨረታ በ7.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

እንግዲህ ነገሩን ልብ ማለት ነው። ገንዘብ የሚከበረው ስለሚሠራ ነው፤ ይህ ግን የተከበረው ሥራ ስላልሠራ ነው። ማንም ስላልነካው አዲስ ሆኖ ቆየ፤ አዲስ ሆኖ ስለቆየም አንዱን አዲስ ከሌላው አዲስ መለየት ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

መስታወቱ እንዴት ተፈጠረ

ሳንቲም የሚመታው በሁለት የብረት ማኅተሞች መካከል ነው። ማኅተሙ ላይ ጎድጎድ ያለው ቦታ ሳንቲሙ ላይ ጎልቶ ይወጣል፤ ማኅተሙ ላይ ጠፍጣፋ የሆነው ደግሞ ሳንቲሙ ላይ ሜዳ ይሆናል። ከሥዕሉና ከጽሑፉ ውጪ ያለውን ባዶ ቦታ ነው «ሜዳ» የምለው።

የመምቻ ቤቶቹ ሠራተኞች አዲሱን ማኅተም ማሽን ላይ ከመግጠማቸው በፊት በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ይሞርዱትና ይወለውሉት ነበር። ዓላማቸው ሳንቲሙን ማሳመር አልነበረም፤ ብሩ በሚገባ እንዲሞላ ማኅተሙን ትክክለኛውን ጉብታ ማስያዝ ነበር። ሁለቱ ማኅተሞች ያለ ብር ተጋጭተው ምልክት ሲተዉም ያንን ለማጥፋት እንደገና ይወለውሏቸው ነበር። በውልወላው ጊዜ ጠፍጣፋው የማኅተሙ ፊት መስታወት ይሆናል፤ ጎድጓዳው ግን አይነካምና ሻካራ እንደሆነ ይቀራል። በዚህ ማኅተም የተመቱት የመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞች ሜዳቸው እንደ ረጋ ውኃ ይጠልቃል፤ የሴቲቱ ፊትና ንስሩ ግን ውርጭ እንደመታው ቅጠል ነጭ ሆነው ይታያሉ።

ግን ዕድሜው አጭር ነው። ብሩ በከባድ ግፊት ከመሐል ወደ ዳር ሲፈስ ማኅተሙን ይበላዋል፤ በማኅተሙ ላይ እንደ ጨረር የተዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚመታው ሳንቲም መስታወትነቱን ያጣና ሲገላበጥ እንደ ጋሪ መንኮራኩር የሚዞር ብርሃን ያሳያል። እርሱም ውብ ነው፤ ግን ሌላ ውበት ነው።

አሜሪካኖች ሆን ብለው ለሰብሳቢዎች የሚመቱት ልዩ ሳንቲም አለ፤ «ፕሩፍ» ይሉታል። ማኅተሙም ብሩም ተወልውሎ በጥንቃቄ ይመታል። እኛ የምንነጋገርበት ግን ለገበያ ተብሎ ተመትቶ በአጋጣሚ ፕሩፍ የመሰለው ነው። ስለዚህ «ፕሩፍላይክ» ተባለ፤ በጣም ጥልቅ መስታወት የሆነው ደግሞ «ዲፕ ሚረር ፕሩፍላይክ» ተባለ። ማንም ሊያሳምረው ሳያስብ ያማረ ብር ነው።

ዓይንና ማስመሪያ

ለመሆኑ ጥልቀቱ እንዴት ይለካል? ዘዴው በጣም ቀላል ነው። ማስመሪያ ጠረጴዛ ላይ ይዘረጋል፤ ሳንቲሙ በዳሩ ተይዞ በማስመሪያው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ የታተመ ጽሑፍ ወይም የማስመሪያው ቁጥር ራሱ በሳንቲሙ ሜዳ ውስጥ ይነበባል። ከ2 እስከ 4 ኢንች ርቀት ድረስ በግልጽ ከተነበበ ፕሩፍላይክ ነው፤ 6 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ ጥልቅ መስታወት ነው። መለኪያው ሁለቱንም ፊት ይመለከታል። ፊቱ መስታወት ሆኖ ጀርባው ደብዛዛ ከሆነ ማዕረጉን አያገኝም።

ይህ ሳይንስ ይመስላል፤ ግማሹም ሳይንስ ነው። ይሁን እንጂ «በግልጽ ተነበበ» የሚለው ቃል ውስጥ ሰው አለ። የማን ዓይን? በየትኛው መብራት? የጽሑፉ ፊደል ምን ያህል ትልቅ ነው? የሜዳው የትኛው ክፍል? ከሴቲቱ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ 8 ኢንች እያሳየ ከአንገቷ ኋላ ያለው 4 ብቻ ቢያሳይ ምን ይባላል?

ከዚህ የባሰ ችግር ደግሞ አለ። ሺህ ብር በአንድ ከረጢት ታስሮ ሲጋዝ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ እያንዳንዱም ሳንቲም ጭረት ይይዛል። በተራ ሳንቲም ላይ ይህ ጭረት በሚዞረው ብርሃን ውስጥ ይደበቃል። በመስታወት ላይ ግን ትንሿ ጭረት ትጮኻለች። ታዲያ ዳኛው የሚቆጥረው ጭረቱን ነው ወይስ ጭረቱ ለዓይን የሚታየውን ያህል? ሁለቱም ሳንቲሞች እኩል ተመትተዋል፣ እኩል ተጭረዋል፤ ውበቱ አንደኛውን አጋለጠው። ይህን ጥያቄ ሙያተኞቹ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ እኔም ቀላል መልስ ያለው አይመስለኝም።

ሦስተኛው ነገር ማጭበርበር ነው። መስታወት ዋጋ ካወጣ መስታወት የሚሠራ አይጠፋም። ተራውን ዶላር በማሽን ወልውሎ የሚያብለጨልጭ አለ። እዚህ ላይ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል። ትክክለኛው መስታወት ከማኅተሙ የመጣ ነውና የውልወላው መስመሮች በሳንቲሙ ላይ ጎልተው የወጡ ናቸው፤ ሜዳው ላይ ሄደው ሥዕሉ ጫፍ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ሥዕሉ ላይ አይወጡም። በሐሰት የተወለወለው ሳንቲም መስመር ግን ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ነው፤ ሜዳውንም፣ የሴቲቱን ጉንጭም፣ ፊደሉንም ሳይለይ አቋርጦ ያልፋል። ጭረት ወሰን አያውቅም፤ ማኅተም ግን ወሰኑን ያውቃል። ከዚህ ሁሉ ዳኝነት ውስጥ ከሁሉ በላይ ደስ የሚለኝ ይህ ምልክት ነው፤ ማንም ሰው በአጉሊ መነጽር አይቶ ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላልና።

ቁጥሩ የመጣበት መንገድ

ድሮ ሻጩ «አዲስ ነው»፣ «በጣም ጥሩ አዲስ ነው» ይል ነበር፤ ገዢው ደግሞ ራሱ ያይ ነበር። በ1949 ዊሊያም ሼልደን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ስለ ጥንታዊ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። ቁጥሩ በመጀመሪያ የዋጋ ቀመር ነበር፤ 1 ቁጥር ያገኘው ያለቀ ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣ 70 ያገኘው ሰባ ዶላር ያወጣል ማለት ነው። የመዳቡ ዋጋ ከዚያ በኋላ ቀመሩን ጥሎት ሄደ፤ ቁጥሩ ግን ቀረና ወደ ብሩም ወደ ወርቁም ተዛመተ። ከ60 እስከ 70 ያለው ያልተነካ ሳንቲም ማዕረግ ሆነ። የሚያሳዝነው ግን ሼልደን በ1977 ከሞተ በኋላ የአሜሪካ ኑሚስማቲክ ማኅበር ከነበረው ስብስብ ምርጥ ምርጥ ሳንቲሞችን ወስዶ በምትካቸው ዝቅተኛ የሆኑትን ማስቀመጡ ተደረሰበት። የደረጃ መለኪያውን የሠራው ሰው ደረጃን በሌባ እጅ ለዋውጦ ነበር።

ገበያው ሲሟሟቅ በአንድ ቁጥር ልዩነት ዋጋው በእጥፍና ከዚያም በላይ ይዘልል ጀመር። ሻጩ ሲሸጥ 65፣ ያንኑ ሳንቲም መልሶ ሲገዛ 63 ይላል። ለዚህ መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ኤንጂሲ የተባሉ ኩባንያዎች ሥራ ጀመሩ። ሳንቲሙን ከአንድ በላይ የሆኑ ዳኞች ተራ በተራ ያዩታል፤ የባለቤቱ ስም አይነገራቸውም። ከዚያ ሳንቲሙ ግልጽ በሆነ ደረቅ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸግና ቁጥሩ በላዩ ይጻፋል። መስታወት ከሆነም ይኸው ይጻፍለታል።

በእውነቱ ትልቅ መሻሻል ነበር። ሐሰተኛውና የተወለወለው ሳንቲም በብዙው ከገበያ ወጣ። ቀድሞ ሲታለል የኖረው ተራ ገዢ መጠጊያ አገኘ። ነገር ግን አብሮት ሌላ ነገር መጣ፤ ሰው ሳንቲሙን ማየት ትቶ ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ። የዎል ስትሪት ገንዘብ አስተዳዳሪዎች ሳይቀሩ ሳንቲሞቹን እንደ አክሲዮን ሊገዟቸው ገቡ። ዋጋው በ1989 ጣሪያ ነካ፤ ከዚያ ወደቀ። በ1990 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ፒሲጂኤስ ስለ ዳኝነቱ ወጥነትና ከግል አስተያየት ነጻ መሆን ያስነገረው ማስታወቂያ የተጋነነ ነው በማለት ከሰሰው፤ ጉዳዩም በስምምነት አለቀ። በዚያው ዓመት ይኸው ኩባንያ ሞርጋን ዶላርን የሚዳኝ ኮምፒዩተር ለሕዝብ አሳየ። የሰው ዓይን ካልታመነ ማሽን ይፍረድ መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ሥራውን ከሰው አልተረከበም፤ ዳኝነቱ ወደ ሰው ተመለሰ።

እስከ ዛሬም በሙያው ውስጥ የታወቀ አንድ ልማድ አለ። ነጋዴው ፕላስቲኩን ይሰብርና ያንኑ ሳንቲም እንደገና ለፍርድ ይልከዋል። አንዳንዴ 64 የነበረው 65 ሆኖ፣ ፕሩፍላይክ የነበረው ጥልቅ መስታወት ሆኖ ይመለሳል። ሳንቲሙ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የዳኛው ቀን ነው። በ2007 ደግሞ በፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን ደረጃ እንደገና እየመረመረ የሚስማማበትን ሳንቲም በአረንጓዴ ምልክት የሚያጸድቅ ሲኤሲ የተባለ ሌላ ድርጅት ተቋቋመ። በዳኛ ላይ ዳኛ ማለት ነው።

የማርትሬዛ ዳኞች

ዶላር የሚለው ቃል ራሱ ከብር የመጣ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በቦሄሚያ ዮአኪምስታል ከተባለ ሸለቆ የወጣው ብር «ታለር» ተባለ፤ ታለር ከአገር አገር ሲዞር ዶላር ሆነ። እኛ ደግሞ ገንዘባችንን በማዕድኑ ስም ብር አልነው። የታለር ዘር የሆነው የማርያ ቴሬዛ ብር፣ አባቶቻችን ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የሚሉት፣ ንግሥቲቱ የሞተችበትን 1780ን ይዞ ከሞተች በኋላም በተደጋጋሚ እየተመታ በአገራችን ገበያ ነገሠ።

የኛ ገበያተኛ ከ1 እስከ 70 የሚደርስ ቁጥር አልነበረውም። ግን ዳኛ ነበር። በንግሥቲቱ የራስ ጌጥና በትከሻዋ መርፌ ላይ ያሉትን እንክብሎች ይቆጥራል፤ ከምስሏ ግርጌ ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይፈልጋል፤ ዳሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጣቱ ይዳስሳል። ያ ከጎደለ ብሩ ጥሩ ብር ቢሆንም አይቀበልም። እንግሊዞች በ1867 በአፄ ቴዎድሮስ ላይ ለመዝመት ሲነሱ ገበያው የሚያውቀውን ብር ለማግኘት ቪየና ላይ ማርትሬዛ ማስመታት ግድ ሆነባቸው። አፄ ምኒልክም ከ1894 ጀምሮ በፓሪስ የራሳቸውን ብር ቢያስመቱ ክብደቱና ጥራቱ ከማርትሬዛ የማያንስ ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ለረጅም ጊዜ የለመደውን መረጠ። ማርትሬዛ ከሕጋዊ ገንዘብነት የወጣው አዲሱ የኢትዮጵያ ዶላር በ1945 ሲታወጅ ነው።

ይህን ያነሣሁት የእኛን አሞግሼ የእነርሱን ለመንቀፍ አይደለም። የኛ ዳኝነትም ግፍ ነበረበት፤ በአንድ እንክብል መጥፋት ብቻ የደሃው ብር ይመለስ ነበር። ደግሞ ሁለቱ የሚፈርዱት ነገር አንድ አይደለም። የኛ ገበያተኛ የሚጠይቀው «ይህን ብር ነገ ሌላ ሰው ይቀበለኛል?» ብሎ ነው፤ የአሜሪካው ዳኛ ደግሞ «ይህ ሳንቲም ምን ያህል ሳይነካ ቀረ?» ብሎ ይጠይቃል። የአንዱ ዋጋ ከእጅ ወደ እጅ በመሄዱ፣ የሌላው እጅ ባለመንካቱ ነው።

ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ይመስለኛል። በማርትሬዛ ገበያ ፍርዱ የሚሰጠው በአደባባይ ነበር። ሻጩም ገዢውም እንክብሉን መቁጠር ያውቃሉ፤ ባይስማሙ ሦስተኛ ሰው ጠርተው ያስቆጥራሉ። በመስታወቱ ዶላር ገበያ ፍርዱ የሚሰጠው በዝግ ክፍል፣ በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ነው፤ ወደ ሕዝቡ የሚወጣው ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥር ደግሞ ክፉ ጠባይ አለው፤ ምክንያቱን አይናገርም። 65 ያለው ዳኛ ጉንጯ ላይ ያለውን ጭረት አይቶ ይቅር ብሎት ይሁን፣ ሳያየው አልፎት ይሁን፣ ቁጥሩ ላይ አይታይም።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ። ያ ፕላስቲክ ከሳንቲሙ ራስ ላይ እንደተጠመጠመ ጥምጣም ነው። ከሥሩ ዕውቀት ካለ ያስከብራል፤ ከሌለ ግን ጨርቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የመስታወት ብር ልግዛ የሚል ቢኖር ምክሬ አጭር ነው፤ የተጻፈውን ቁጥር እንደ አንድ ምስክር ቃል ይስማው፤ ከዚያ ማስመሪያውን ይዘርጋ፣ መብራቱን ያብራ፣ መስመሮቹ ሥዕሉ ጫፍ ላይ ቆመው እንደሆነ ወይም አቋርጠው አልፈው እንደሆነ ራሱ ይይ። ምስክር ይሰማል፤ ፍርዱን መስጠት ግን ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ፈንታ ነው።